ዩኒቨርሲቲ ያልገቡት የትምህርት ሚኒስትር

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቀኝ ሐኪም እንደምመርጥ ገምቶ ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ይዤላችሁ የመጣሁት እንኳን ሕክምና ሊማሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ያልተቀመጡ ሰው ነው። ማውላና አቡል ከላም አዛድ ይባላሉ። የነጻይቱ ህንድ የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

አዛድ የተወለዱት በ1888 መካ ውስጥ ነው። አባታቸው ህንዳዊ የሃይማኖት ሊቅ፣ እናታቸው ዐረብ ነበሩ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ካልካታ ተመለሰ። አባትየው የእንግሊዞችን ትምህርት ቤት አያምኑትም ነበርና ልጃቸው እቤት ተቀምጠው ዐረብኛ፣ ፋርስኛ፣ ፍልስፍናና ሂሳብ ተማሩ። በዚህ ዓይነት ያደገ ልጅ የአባቱን ወንበር ይወርሳል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። እሳቸው ግን በወጣትነታቸው የለውጥ አራማጁን የሰር ሰይድ አህመድ ኻንን ጽሑፎች ሲያነቡ፣ ዘመናዊ ሳይንስን ሳያውቁ ተማርኩ ማለት እንደማይቻል ተረዱ። እንግሊዝኛንም በራሳቸው ጥረት አጠኑ። ከወረሱት አስተሳሰብ መላቀቃቸውን ለማሳየት የመረጡት የብዕር ስም አዛድ ነው፤ ነጻ ማለት ነው።

በ1912፣ ገና በ23 ዓመታቸው፣ ካልካታ ላይ አል ሂላል የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ በኡርዱ ቋንቋ አቋቋሙ። በኋላ እንደተረኩት፣ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ 26,000 ቅጂ ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የሙስሊም መሪዎች ከእንግሊዝ ጋር ተስማምቶ መኖርን ይመክሩ ነበር። አዛድ ተቃራኒውን ጻፉ፤ ሙስሊሙ ከሂንዱ ወገኑ ጋር ሆኖ ለነጻነት ይታገል አሉ። መንግሥት በ1914 ጋዜጣውን አዘጋው። በ1916 ደግሞ ከቤንጋል አባረራቸው፤ ራንቺ በምትባል ከተማ እስከ 1919 መጨረሻ በግዞት ቆዩ።

ተራማጅ የሚያሰኛቸው ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ላስረዳ። ሃይማኖታቸውን ወደ ጎን ትተው አይደለም ዘመናዊ የሆኑት። በኡርዱ የቁርአን ትርጉምና ማብራሪያ ያዘጋጁ ሊቅ ናቸው፤ ከዚያው ከቁርአን ተነስተው የሃይማኖቶች ሁሉ መሠረት አንድ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ስለዚህ ከሂንዱው ጋር አብሮ መቆም ለሳቸው የፖለቲካ ስልት ብቻ አልነበረም፤ የእምነት ግዴታም ነበር።

በ1920 ከጋንዲ ጋር ተገናኙ፤ ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። (ጋንዲ ሆስፒታል ማዋለድ የተለማመድን ሐኪሞች የአንደኛውን ስም በየቀኑ ስንጠራ ኖረናል፤ የሁለተኛውን የሰማን ግን ጥቂት ነን።) በ1923፣ 35 ዓመት ሳይሞላቸው፣ የኮንግረስ ፓርቲን ልዩ ጉባኤ በፕሬዚዳንትነት መሩ። በ1940 እንደገና ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 1946 ቆዩ። ልብ በሉ፤ በ1940 መጋቢት ወር እሳቸው በራምጋር ጉባኤ ሙስሊምነታቸውም ህንዳዊነታቸውም የሚኮሩበት እንደሆነ፣ አንዱን ጥለው ሌላውን እንደማይዙ ሲናገሩ፣ በዚያው ወር ላሆር ላይ ሙስሊም ሊግ ለሙስሊሞች የተለየ አገር የሚጠይቀውን ውሳኔ አሳለፈ። የሊጉ መሪ ሙሐመድ አሊ ጂናህ አዛድን ኮንግረስ ለይምሰል ያስቀመጣቸው ሰው አድርገው ነበር የሚቆጥሯቸው። እንግዲህ ከወገን የሚመጣ ስድብ ከባዕድ ይልቅ ያማል።

በነሐሴ 1942 ኮንግረስ እንግሊዝ ህንድን ለቃ እንድትወጣ ሲጠይቅ፣ አመራሩ በሙሉ በማግስቱ ታሰረ። አዛድ ወደ አህመድናጋር ምሽግ ተወሰዱ። እዚያ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የቻይና ሻይ እያፈሉ፣ ለአንድ ወዳጃቸው የማይላክ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ በኋላ ደብዳቤዎቹ ተሰብስበው ከኡርዱ ሥነ ጽሑፍ ምርጦች የሚቆጠር መጽሐፍ ወጣቸው። ባለቤታቸው ዙለይኻ ግን ካልካታ ውስጥ በጠና ታመው ነበር። የእስር ቤቱ ኃላፊ ለመንግሥት የሚያቀርቡት ጥያቄ ካለ አደርሳለሁ ቢላቸውም አዛድ አልጠየቁም። እሳቸው በር ተዘግቶባቸው ሳለ፣ በሚያዝያ 1943፣ ባለቤታቸው አረፉ። በ1945 ሲፈቱ ካልካታ እንደደረሱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ መቃብራቸው ነው። እኔ እንደ ሐኪም ብዙ ሰው ከታመመ ዘመዱ አጠገብ ለመሆን ምን ያህል እንደሚለምን አይቻለሁ፤ ይሄን ታሪክ ሳነብ ትክክል አደረጉ ወይስ አላደረጉም ብዬ መፍረድ አቅቶኛል። በድምሩ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ዕድሜያቸው በእስርና በግዞት ነው ያለፈው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ተሸነፉ። በ1946 ክፍለ ሀገሮች ሰፊ ሥልጣን የሚይዙበት፣ አገሪቱ ግን አንድ ሆና የምትቀጥልበት ዕቅድ ቀርቦ ነበር፤ ከሳቸው ሐሳብ ጋር በጣም የሚቀራረብ። ኮንግረስም ሊጉም መጀመሪያ ተቀበሉት፤ ወራት ሳይቆይ ፈረሰ። በነሐሴ 1947 ህንድ ለሁለት ተከፈለች። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። የገዛ ፓርቲያቸው ክፍፍሉን ሲቀበል አዛድ ልባቸው አልተቀበለውም። ፓርቲውን ግን ጥለው አልወጡም። በጥቅምት 1947 የደልሂ ሙስሊሞች ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ፓኪስታን ሊሄዱ ሲሉ፣ ጃማ መስጊድ ቆመው ስለ ትናንቱ ወቀሷቸው፤ አባቶቻቸው የሠሩትን ከተማ ለማን ትተው እንደሚሄዱ ጠየቋቸው፤ ቆዩ ብለው ለመኗቸው።

እሳቸውም ቆዩ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። ሥራውን ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል፤ በ1951 ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከ100 ሰው 18ቱ ያህል ብቻ ነበር።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነንና ከሥራቸው ሦስቱን ብቻ ላንሳ። አንደኛው አሊጋር ነው። ከነጻነት በፊት የአሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአብዛኛው የሊጉ ደጋፊ ነበሩ፤ አዛድ በከተማዋ ባቡር ጣቢያ ሲያልፉ ከብበው አዋርደዋቸዋል። ከክፍፍሉ በኋላ ያ ዩኒቨርሲቲ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር፤ ይዘጋ የሚልም አልጠፋም። ሚኒስትሩ ቂም የያዙ ሰው ቢሆኑ ዝም ማለት ብቻ ይበቃቸው ነበር። እሳቸው ግን በ1948 የተከበሩት መምህር ዛኪር ሁሴን ምክትል ቻንስለር እንዲሆኑ አግባብተው ዩኒቨርሲቲውን አተረፉት። ዛኪር ሁሴን በኋላ የህንድ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ሁለተኛው ኻራግፑር ነው። የመጀመሪያው የህንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1951 ሥራ የጀመረው ሂጅሊ በሚባል የእንግሊዞች እስር ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው፤ በ1931 ሁለት እስረኞች በጥይት የተገደሉበት ግቢ። መርቀው የከፈቱት ደግሞ የቀድሞው እስረኛ አዛድ ናቸው። የስድስት ኪሎ ግቢ ቤተ መንግሥት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ የእነሱ ደግሞ ከወህኒ ቤት ነው የተነሳው።

ሦስተኛው ለመምህራኖቻችን ቅርብ የሆነ ጉዳይ ነው። በ1953 የዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ኮሚሽንን መርቀው ከፈቱ፤ በ1956 በሕግ ጸና። ሐሳቡ ቀላል ነው። መንግሥት ገንዘቡን ይስጥ፤ ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ ስንት ይድረስ የሚለውን ግን ሙያውን የሚያውቅ አካል ይይ። አንድ ሚኒስትር በእጁ ያለውን ከረጢት ለሌላ አሳልፎ ሲሰጥ በየቀኑ አናይም።

ከነዚህ ሌላ ለሙዚቃና ድራማ፣ ለሥነ ጽሑፍና ለሥነ ጥበብ ብሔራዊ አካዳሚዎች በሳቸው ዘመን ተቋቁመዋል። በ1950 የመሠረቱት የባህል ግንኙነት ምክር ቤት ዛሬም ለውጭ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ ከኛ መካከል በዚያ በኩል ህንድ ሄደው የተማሩ አሉ። ለታላላቆቻችን ሂሳብና ፊዚክስ ያስተማሩ ህንዳውያን መምህራንንም የማያስታውስ የለም።

ሁሉም ነገር ሠመረላቸው አልልም። ሕገ መንግሥቱ በአሥር ዓመት ውስጥ እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ በነጻ እንዲማር መንግሥት ይጥራል ይል ነበር፤ አልደረሰም። ከላይ ያሉት ተቋማት ሲያብቡ የገጠሩ ልጅ ወደኋላ ቀረ የሚለው ትችት ዛሬም ይነሳል፤ ትችቱም ፍሬ አለው። እዚህ አገርም ስፔሻሊስት እያሠለጠንን ጤና ጣቢያ ስለጎደለው ነገር የምንከራከር ሰዎች እናውቀዋለን።

አዛድ በየካቲት 1958 ስትሮክ መቷቸው በ69 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩት ደልሂ፣ ሰው እንዳይሰደድ የለመኑበት ጃማ መስጊድ አጠገብ ነው። ትዝታቸውን የያዘው መጽሐፍ በ1959 ታተመ፤ ሠላሳ ያህል ገጽ ግን በሳቸው ፈቃድ ታሽጎ ቆይቶ በ1988 ነው የወጣው። በዚያው ከተማ ብዙም ሳይቆይ አንድ የሕክምና ኮሌጅ በስማቸው ተሰየመ። እንግዲህ ሐኪሞችም ወራሾቻቸው ነን ማለት ነው።

እዚህ መጽሔት ውስጥ ስማችን በተመረቅንበት ዓመት ተደርድሮ ስናየው፣ ከፊሎቻችን ውጭ ነን፣ ከፊሎቻችን እዚሁ ነን። የሄደውን ለመውቀስ አይደለም ይሄን የጻፍኩት፤ እያንዳንዱ የየራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን የታገሉለት ነገር ሳይሆን ሲቀር ቤታቸው ገብተው ማኩረፍ ሲችሉ፣ በማግስቱ ቢሮ ገብተው የሰደቧቸውን ልጆች ዩኒቨርሲቲ ያተረፉ ሰው እንደነበሩ፣ በተለይ ዘንድሮ ተስፋ ቆርጦ ማመልከቻ የሚጽፍ መምህር ካለ፣ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።