ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ

ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ (ከሜይ 17 ቀን 1893 እስከ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1961 እ.ኤ.አ.) አፍሪካ-አሜሪካዊ መካኒክና የፈጠራ ሰው ነበር። በሚጓዝ መኪና ላይ ምግብን ያለ በረዶ የሚያቀዘቅዝ፣ በራሱ የሚነሳና በራሱ የሚጠፋ መሣሪያ ሠርቶ ለሥራ በማብቃቱ ይታወቃል። ከጆሴፍ ኑሜሮ ጋር የጀመሩት ድርጅት ኋላ ቴርሞ ኪንግ ተብሎ እስከ ዛሬ ድረስ አለ። ጆንስ ከ60 በላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያገኘ ሲሆን፣ 40 ያህሉ ማቀዝቀዣን የሚመለከቱ ናቸው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ጆንስ የተወለደው በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ በሲንሲናቲ ከተማ አካባቢ ነው። አባቱ አየርላንዳዊ የዘር ሐረግ ያለው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ፣ እናቱ ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ከሕይወቱ ስለጠፋች አባቱ ብቻውን ሊያሳድገው አልቻለም፤ በኬንታኪ ለሚኖር አንድ የካቶሊክ ቄስ አደራ ሰጠው። ልጁ በቄሱ ቤት እያጸዳና እየተላላከ ጥቂት ዓመታት ተማረ። መደበኛ ትምህርቱ ከ6ኛ ክፍል አልዘለለም።

ገና በልጅነቱ ከዚያ ወጥቶ ወደ ሲንሲናቲ ተመለሰና በአንድ ጋራዥ በጽዳት ሥራ ተቀጠረ። መኪና ሲፈታና ሲገጠም እያየ ሙያውን ለመደ፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላውም የጋራዡ የሠራተኞች አለቃ ሆነ። የሚወደው ግን የእሽቅድምድም መኪና መሥራት ነበር።

ሃሎክ

በ1912 ወደ ሰሜን ሄዶ ከካናዳ ድንበር ብዙም በማትርቀው ሃሎክ በምትባል የሚኒሶታ ከተማ፣ በአንድ ሰፊ እርሻ ላይ የማሽን ጥገና ሥራ አገኘ። ኤሌክትሪክንና የሞተርን አሠራር ከመጻሕፍት ያጠናው እዚህ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የዘመተ ሲሆን፣ በጦር ሰፈሩ የኤሌክትሪክና የስልክ መስመር እየዘረጋ እስከ ሳጅንነት ማዕረግ ደረሰ።

ከዘመቻው ሲመለስ ለከተማዋ የሬዲዮ ማሰራጫ ሠራ። ለሐኪሞች በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ተሽከርካሪ እንደገጣጠመላቸውም ይነገራል። ፊልም ድምፅ ማውጣት በጀመረበት ዘመን የከተማዋ ሲኒማ ቤት ውድ የሆነውን የድምፅ መሣሪያ መግዛት አልቻለም ነበር፤ ጆንስ ከአሮጌ የማሽን ዕቃዎች የራሱን ሠራለት። የዚህ ወሬ በሚኒያፖሊስ የሲኒማ ዕቃዎች ድርጅት ወደነበረው ኑሜሮ ጆሮ ደረሰና ጆንስን ቀጠረው። የመጀመሪያዎቹ ፓተንቶቹ ውስጥ በ1939 የተመዘገበው የሲኒማ ትኬት የሚያወጣ ማሽን ይገኝበታል።

የመኪና ማቀዝቀዣ

በዚያን ጊዜ ሥጋና ዶሮ በጭነት መኪና ሲጓዝ የሚቀዘቅዘው በበረዶና በጨው ነበር። ጨው በረዶው ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ባለ ሙቀት እንዲቀልጥ ስለሚያደርግ ቅዝቃዜው ይጨምራል። ችግሩ በረዶው ማለቁ ነው። መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸ ወይም ቀኑ ከሞቀ ጭነቱ በሙሉ ይጣላል፤ በረዶው ራሱም ለሸቀጥ የሚሆነውን ቦታና ክብደት ይወስዳል።

በ1938 አንድ የጭነት ማመላለሻ ባለቤት በሙቀት ምክንያት አንድ መኪና ሙሉ ዶሮ እንደተበላሸበት ለኑሜሮ ጎልፍ ሲጫወቱ አጫወተው። ኑሜሮ እንደ ቀልድ አድርጎ ማቀዝቀዣ እንሠራልሃለን አለ። ሰውየው ግን ቃሉን እንደ ቁም ነገር ያዘና መኪናውን ላከላቸው። ጆንስ መኪናውን ከመረመረ በኋላ ይቻላል ብሎ ሥራውን ጀመረ።

የቤት ማቀዝቀዣ ያኔም ነበር። ነገር ግን የቤት ማቀዝቀዣ ሳይነቃነቅ የሚቆምና ከግድግዳ መብራት የሚያገኝ ዕቃ ነው። መኪና ላይ ሲጫን ንዝረቱ ቱቦዎቹን ይሰነጥቃል፣ ብሎኖቹን ያላላል፣ ማቀዝቀዣ ጋዙም ይወጣል። ጆንስ የመኪናን ሞተር ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ የቤቱን መሣሪያ ከማሻሻል ይልቅ ለንዝረት የተዘጋጀ ሌላ መሣሪያ ለመሥራት መረጠ።

የመጀመሪያው ከጭነት ሳጥኑ ሥር የሚገጠም ከባድ ማሽን ነበር። ከመንገድ የሚረጨው ጭቃና ቆሻሻ ስላስቸገረው በኋላ ቀለል ያለውን በሳጥኑ ፊት ለፊት፣ ከሹፌሩ ክፍል በላይ አወጣው። ዛሬ በማቀዝቀዣ መኪኖች ግንባር ላይ የምናየው ሳጥን የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው።

መሣሪያው የራሱ የቤንዚን ሞተር አለው። ሞተሩ ኮምፕሬሰሩን ያዞራል፤ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ሲጨምቀው ሙቀቱን ወደ ውጭ ይለቃል፣ ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ በጭነቱ ክፍል ውስጥ እንደገና ሲተን ደግሞ ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል። የቀዘቀዘውን አየር ማራገቢያ በሸቀጡ ዙሪያ ያዞረዋል። የመኪናው ሞተር ቢጠፋም ቅዝቃዜው አይቋረጥም።

ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከሁሉም በላይ የሚገርመው መቆጣጠሪያው ነው። ሹፌሩ እየወረደ ሞተር ማስነሳት የለበትም፤ ቴርሞስታቱ ክፍሉ ሲሞቅ ሞተሩን ያስነሳል፣ ሲበርድ ያጠፋል። የማስነሻውና የማጥፊያው ሙቀት ግን አንድ መሆን የለበትም፤ አንድ ከሆነ ሞተሩ በየደቂቃው ሲነሳና ሲጠፋ ይውላል። ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ የሚያውቀውን ይህን ነገር ጆንስ ያለ አንድ ትራንዚስተር ፈትቶታል። የቤንዚን ሞተርን በራሱ የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ስልት በ1943 ፓተንት አግኝቷል። ለጭነት መኪና የሠራው ማቀዝቀዣ ዋና ፓተንት የተሰጠው በ1949 ሲሆን፣ የመብቱ ተረካቢ ሆኖ የተመዘገበው ድርጅቱ ነው።

ኑሜሮ የሲኒማ ንግዱን ሸጦ ወደ አዲሱ ሥራ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድርጅቱ ለአሜሪካ ጦር ምግብ፣ መድኃኒትና ደም የሚያቆዩ ተንቀሳቃሽ ማቀዝቀዣዎች ሠራ። በ1944 ጆንስ የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ፤ ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው ነበር። በብዙ የአሜሪካ ክፍሎች ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ ማዕድ መብላት በማይፈቀድላቸው ዘመን መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ስለ ጆንስ የሚሳሳት ነገር

አንዳንድ ጽሑፎች ማቀዝቀዣን ወይም የመጀመሪያውን ቀዝቃዛ ማጓጓዣ የፈጠረው ጆንስ ነው ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። በአሜሪካ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሥጋ በበረዶ በሚቀዘቅዝ የባቡር ፉርጎ ይጓጓዝ ነበር፤ በማሽን ማቀዝቀዝም ከጆንስ በፊት የታወቀ ነው። የእርሱ ድርሻ መሣሪያው የመንገድን ንዝረት ችሎ ያለ ጠባቂ እንዲሠራ ማድረጉ ነው። ማጋነኑ ይህን እውነተኛ ሥራ ይሸፍነዋል።

በአነስተኛ መኪኖች

ጆንስ የገጠመው ችግር ሰዎች ተኝተው በሚጓዙባቸው አነስተኛ ካምፐር ቫኖችም አለ። ጥሬ ሥጋና ወተት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ሙቀት መቀመጥ አለባቸው፤ ከዚያ በላይ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። በቫን ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ማቀዝቀዣዎች ናቸው። አንደኛው እንደ ጆንስ ኮምፕሬሰር ያለው፣ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ነው። መኪናው ሲቆምም እንዲቀጥል ሁለተኛ ባትሪ ይመደብለታል፤ አለዚያ ጠዋት ምግቡ ቀዝቅዞ መኪናው አልነሳም ሊል ይችላል። ሁለተኛው በጋዝ እሳት የሚሠራው ነው፤ ይህ ከጆንስ ሳይሆን ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ስዊድናውያን ተማሪዎች በ1922 ከፈጠሩት ስልት የመጣ ነው። የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው ድምፅ የለውም። ፈሳሹ የሚመለሰው በስበት ኃይል በመሆኑ ግን ዳገት ላይ አጋድሎ በቆመ መኪና ውስጥ በደንብ አያቀዘቅዝም።

ሞትና ክብር

ጆንስ በሳንባ ካንሰር ታሞ በሚኒያፖሊስ አረፈ። በ1991 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብሊው. ቡሽ የአሜሪካን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳይ ለጆንስና ለኑሜሮ ሰጡ። ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ጆንስ ነው። ሁለቱም በሕይወት ስላልነበሩ በዋይት ሐውስ ተገኝተው የተቀበሉት ባለቤቶቻቸው ናቸው። በ2007 ደግሞ ስሙ በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጠራ ሰዎች የክብር መዝገብ ሰፈረ።