ጄ. ፖል ጌቲና የርካሽ ዘይት ዘመን

የነዳጅ ዘይት ዋጋ በወደቀ ቁጥር ስሙ ከሚነሣው ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ጄ. ፖል ጌቲ ነው። ጌቲ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1892 በሚኒያፖሊስ ከተማ ሲሆን፣ አባቱ ጆርጅ ጌቲ በ1903 ወደ ኦክላሆማ ተጉዞ በዘይት ሥራ የተሰማራ ጠበቃ ነበር። ልጁም ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ በ1914 ቱልሳ ገብቶ የቁፋሮ መሬት ውል መግዛትና መሸጥ ጀመረ፤ ሃያ አራት ዓመት ሳይሞላውም የሚሊዮን ዶላር ባለቤት ሆነ።

ይሁን እንጂ አባቱ የልጁን ተደጋጋሚ ጋብቻና ፍቺ በበጎ አልተመለከተውም። በ1930 ሲሞት አሥር ሚሊዮን ዶላር ያህል ከሚገመተው ሀብት ለልጁ ያወረሰው ግማሽ ሚሊዮኑን ብቻ ነበር፤ የቀረው ሥልጣን ለእናቲቱ ለሣራ ጌቲ ተላለፈ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የምሥራቅ ቴክሳስ ታላቅ የዘይት መስክ ተገኘ። ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት ተይዞ ፍጆታው በቀነሰበት ሰዓት አቅርቦቱ እንደ ጎርፍ ስለ ፈሰሰ፣ በ1931 የአንድ በርሜል ዋጋ በአንዳንድ ሥፍራ እስከ አሥር ሳንቲም ወረደ፤ የቴክሳስ ገዥም ጉድጓዶቹን ለማዘጋት ወታደር አዘመተ። ባለአክሲዮኖች ደንግጠው የያዙትን በተገኘው ዋጋ ይሸጡ ጀመር።

ጌቲ በዚህ ድንጋጤ መካከል የተመለከተው የኩባንያዎቹን የሀብትና ዕዳ መግለጫ ነበር። አክሲዮኖቹ ከሚወክሉት ንብረት ዋጋ እጅግ በታች ይሸጡ ስለ ነበር፣ አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ በአክሲዮን ገበያ በኩል ዘይት መግዛት ይረክስ እንደ ነበር ተገነዘበ። ስለዚህ አስቀድሞ ፓሲፊክ ዌስተርን የተባለውን ኩባንያ ተቆጣጠረ፤ በ1932 ደግሞ የታይድ ዋተርን አክሲዮን ከሦስት ዶላር ባነሰ ዋጋ መሰብሰብ ጀመረ። የእርሱ ቤተሰብ ድፍድፍ ዘይት ነበረው እንጂ ማጣሪያና ሰፊ የሽያጭ መረብ አልነበረውም፤ ታይድ ዋተር ግን ሁለቱንም ይዞ ነበር።

እዚህ ላይ ለሙያው ሰው ሊሰወር የማይገባ ነጥብ አለ። በዋጋ ውድቀት ጊዜ የትርፍ ድርሻ በመቶኛ ሲሰላ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ የአክሲዮኑ ዋጋ መውደቁ እንጂ የገቢው ማደግ አይደለም። ገቢ ሲመነምንም ፈጥኖ የሚቆረጠው ይኸው ድርሻ ነው። ጌቲ የገዛው ለዓመታዊ ድርሻ ሳይሆን ለንብረትና ለቁጥጥር ሥልጣን ነበር።

መንገዱ ግን ቀና አልነበረም። ዕዳን የምትፈራው እናቱ በ1934 የቤተሰቡ ሀብት በልጇ ድፍረት እንዳይባክን በስሟ የአደራ ሀብት አቋቋመች። የታይድ ዋተር ሹማምንትም አጥብቀው ተቃወሙት፤ ኩባንያው ሙሉ በሙሉ በእጁ የገባው ሃያ ዓመት ያህል ከታገለ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር። በ1949 በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት መካከል ለሚገኘው ገለልተኛ ቀበሌ የቅድሚያ ክፍያ ብቻ ዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ከፈለ፤ ዘይቱ የተገኘው በ1953 ነው። በ1957 ፎርቹን መጽሔት ከአሜሪካ ባለጸጎች ሁሉ ቀዳሚ አድርጎ መዘገበው።

ጌቲ በ1976 በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ ኩባንያውም በ1984 በአሥር ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለቴክሳኮ ተሸጠ። አምስት ጊዜ አግብቶ አምስት ጊዜ ፈትቷል። በ1973 የልጅ ልጁ በተጠለፈ ጊዜ ከቤዛው ከፊሉን ለገዛ ልጁ በወለድ ማበደሩም በሰፊው ተነግሯል።

በዚያ ዘመን በብድር አክሲዮን ገዝተው ዋጋው ይበልጥ ሲወርድ የከሰሩ ብዙዎች ነበሩ፤ ስማቸውን ግን የሚያነሣ የለም። ጌቲን ከእነርሱ የለየው የገዛበት ዋጋ ርካሽነት ብቻ ሳይሆን፣ ሃያ ዓመት ለመጠበቅ የሚያስችል ከጉድጓድ የሚመነጭ ገቢ በእጁ መኖሩ ነው። ርካሽ ዋጋ ለሁሉም እኩል ይታያል፤ የመቆየት አቅም ግን ለሁሉም እኩል አይደለም።