አደራ ያልበላው ታሪክ ጸሐፊ
የሲማ ችየን የሕይወት ታሪክ

ስለ ቻይና አገር በተነገረ ቍጥር እኛ ተማሪዎች የምናነሣቸው ጥያቄዎች ብዙዎች ናቸው። ቻይናዎች የዘራቸውን ስም ከራሳቸው ስም የሚያስቀድሙት ስለ ምንድን ነው? ልጅ አባቱን፥ ከሞተ በኋላ እንኳ፥ እንደዚያ አድርጎ የሚያከብረው ስለ ምንድን ነው? ያንን ሁሉ የቆየ ታሪካቸውንስ ከየት አግኝተው እንደ ትናንት ነገር ይተርኩታል? እኛም መልስ ስንፈልግ ሦስቱንም ጥያቄዎች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተሰብስበው ስላገኘናቸው፥ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የዚያን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ሰውየው ሲማ ችየን ይባላል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ አብዛኞቹም ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ስለሆኑ፥ ሌላ ነገር ካልተናገርን በቀር አንባቢው እንደዚያ አድርጎ ይቍጠራቸው።

ከስሙ እንጀምር። ሲማ የዘሩ ስም ነው፤ ችየን ደግሞ የራሱ። በእኛ አገር ልጅ በራሱ ስም ይጠራና የአባቱ ስም ይከተላል፤ ልጁም ልጅ ሲወልድ ስሙ እንደገና ይለወጣል። በቻይና ግን የዘሩ ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ሰውም አስቀድሞ የዘሩ፥ ቀጥሎ የራሱ ሆኖ ይቈጠራል። ሲማ የሚለው ቃል በጥንት ጊዜ የጦር ሹም ማዕርግ ሲሆን ትርጓሜው የፈረሶች ኀላፊ እንደ ማለት ነው፤ በእኛ ቤተ መንግሥት ባልደራስ ይባል የነበረውን ሹመት ያስታውሰናል። በችየን ዘመን ግን ይህ ቤተ ሰብ የሚያገለግለው በፈረስ ሳይሆን በብርዕ ነበር። አባቱ ሲማ ታን የሃን ነገሥታት ኮከብ ቈጣሪና ባለ መዝገብ ሲሆን፥ ሥራው የከዋክብትን አካሄድ መመልከት፥ የዘመን መቍጠሪያውን መጠበቅና የመንግሥቱን ጽሑፎች ማኖር ነበር።

ችየን የተወለደው ሎንግሜን፥ ማለት የዘንዶ በር በሚባል ስፍራ አጠገብ፥ በቢጫው ወንዝ ዳር ነው። ዓመቱን አንዳንድ ሊቃውንት 145 ያደርጉታል፤ ሌሎች ደግሞ 135 ይላሉ። በልጅነቱ እርሻና ከብት ጥበቃ ያውቅ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ሲሆነው ግን በጥንታዊ ፊደል የተጻፉትን መጻሕፍት ያነብ ጀመር። ሃያ ዓመት በሆነው ጊዜ ለረዥም ጕዞ ወጣ። ወደ ደቡብ ወርዶ ታላላቆቹን ወንዞች ተሻገረ፤ ቀጥሎም ወደ ሰሜን ተመልሶ ኮንፊሺየስ ያስተማረበትን የሉን አገር ጐበኘ፤ በዚያም የመምህሩ ሥርዐት እንዴት እንደሚፈጸም በዓይኑ አየ። በየደረሰበትም ሽማግሌዎችን ይጠይቅ፥ የጦርነት ቦታዎችን ይመለከት ነበር። ይህ ጕዞ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይታወቃል፤ ስለ አንድ ከተማ ወይም ስለ አንድ ወንዝ ሲናገር በስፍራው ተገኝቶ ማየቱን ብዙ ጊዜ ይጨምራል። ተቀምጦ ከመጻፍ በፊት በእግር መሄድ እንደሚገባ የተረዳ ሰው ይመስለናል።

ከዚያም ወደ ዋና ከተማው ወደ ቻንግ አን ተመልሶ በንጉሠ ነገሥት ዉ ቤተ መንግሥት ገባ። ይህ ንጉሥ ከ141 እስከ 87 ድረስ የነገሠ፥ የቻይናን ግዛት በጦር ያሰፋ ኀይለኛ ንጉሥ ነበር። ችየንም ለመልእክት ወደ ደቡብ ምዕራብ ሩቅ አገር ተላከ።

በ110 ንጉሠ ነገሥቱ ታይ በሚባለው ቅዱስ ተራራ ላይ ወጥቶ ለሰማይ መሥዋዕት ለማቅረብ ተነሣ። እንዲህ ያለው ሥርዐት በብዙ ዘመን አንድ ጊዜ የሚደረግ ታላቅ ነገር ነው። ሲማ ታን በሹመቱ ከሁሉ በፊት በዚያ መገኘት ሲገባው፥ በልዎያንግ በኩል ቀርቶ ሳይሄድ ቀረ። ከብስጭቱም የተነሣ ታሞ ተኛ። ልጁ ከመልእክቱ ሲመለስ አባቱን በሞት አፋፍ ላይ አገኘው። ሽማግሌውም የልጁን እጅ ይዞ እያለቀሰ ተናዘዘ። ከኮንፊሺየስ ዘመን ወዲህ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲያልፍ የነገሥታቱና የጀግኖቹ ሥራ በአግባቡ አልተጻፈም፤ እርሱ ሊጽፈው አስቦ ሞት ቀደመው፤ እንግዲህ ልጁ ይህን ሥራ እንዳይረሳ አደራውን ሰጠው። ልጁም አንገቱን ደፍቶ እያለቀሰ አደራውን ተቀበለ። በእኛ አገር አባት ሲሞት የሚናዘዘው ስለ ርስቱና ስለ ከብቱ ነው፤ ይህ አባት ያወረሰው ገና ያልተጻፈ መጽሐፍ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቻይናዎች አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። አባትና እናትን ማክበር ለእኛ ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ ለእነርሱ ግን የሁሉም ሥር ነው። በልጅ ላይም ሁለት ግዴታ ይጥላል። የመጀመሪያው፥ ሰውነቱን ጠጕሩና ቈዳው ሳይቀር ከወላጆቹ የተቀበለው ነውና ምንም ሳያጐድል ጠብቆ ማኖር ነው። ሁለተኛው፥ በሥራው መልካም ስም አትርፎ የወላጆቹን ስም ለሚመጣው ትውልድ ማስከበር ነው። በሌላ ሰው ሕይወት እነዚህ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ በሲማ ችየን ሕይወት ግን እርስ በርሳቸው ተጣሉ።

አባቱ ከሞተ በኋላ በ108 በአባቱ ሹመት ተተካ፤ የቤተ መንግሥቱም መጻሕፍት ሁሉ ተከፈቱለት። ከመቶ ዓመት በፊት፥ በ213፥ የቺን መንግሥት መሥራች ንጉሥ የየአገሩን ዜና መዋዕል አስቃጥሎ ስለ ነበር፥ የተረፈውን መልቀምና ማስተያየት ቀላል ሥራ አልነበረም። በ104 ደግሞ የዘመን መቍጠሪያው በአዲስ ሲታረም ከሠሩት ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነበር። ከዚህም በኋላ መጽሐፉን ለመጻፍ ተቀመጠ። ብዙም ሳይሄድ መከራው መጣ።

በ99 ሊ ሊንግ የሚባል የጦር አለቃ አምስት ሺህ እግረኛ ይዞ በሰሜን በኩል ያሉትን ሺዮንግኑ የሚባሉ ዘላን ፈረሰኞች ለመውጋት ዘመተ። የጠላት ጦር ብዙ እጥፍ ሆኖ ከበበው፤ ረዳት ጦርም አልደረሰለትም፤ ፍላጻው እስኪያልቅ ከተዋጋ በኋላ እጁን ሰጠ። የድል ወሬ በተሰማ ጊዜ ለንጉሡ ጽዋ ሲያነሡ የነበሩት መኳንንት፥ የሽንፈቱ ወሬ ሲመጣ ሁሉም ሊ ሊንግን ይከሱ ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱም ምግብ እንኳ አልጣፍጥህ አለው። ሲማ ችየንን በጠየቀው ጊዜ ግን እርሱ ያሰበውን ተናገረ፤ ሊ ሊንግ ታማኝ ሰው መሆኑን፥ በጥቂት ጦር ብዙ ጠላት ማድከሙን፥ እጁንም የሰጠው ሌላ ቀን አገሩን ለማገልገል አስቦ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። የሚያስደንቀን ሁለቱ ወዳጆች አለመሆናቸው ነው፤ አንድ ጽዋ እንኳ አብረው ጠጥተው አያውቁም። ንጉሡ ግን ይህ ንግግር የዘመቻውን ዋና አዛዥ ለመንቀፍ የታሰበ መሰለው፤ ያ አዛዥ ደግሞ የንጉሡ ተወዳጅ ሚስት ወንድም ነበር። ስለዚህ ሲማ ችየን ንጉሡን በማታለል ተከሶ ሞት ተፈረደበት።

በዚያ ዘመን ሞት ለተፈረደበት ሰው መውጫው ሁለት ነበር። አንዱ ገንዘብ ከፍሎ መዳን ሲሆን፥ የሲማ ቤት ያን ያህል ሀብት አልነበረውም፤ ከወዳጆቹም ከቤተ መንግሥቱም ሰዎች አንድ ስንኳ አልተነሣለትም። ሁለተኛው መሰለብ ነው። ክብሩን የሚወድ ሰው ግን ሁለቱንም ትቶ፥ ከወኅኒ ጠባቂዎች እጅ ከመግባቱ በፊት ራሱን ይገድላል፤ ሁሉም ከእርሱ የጠበቁት ይህንኑ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አስበው። ራሱን ቢገድል ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል፤ መጽሐፉ ግን በጅምር ይቀራል፤ አደራ በላ ማለት ነው። ቢሰለብ መጽሐፉ ይጻፋል፤ ነገር ግን ከወላጆቹ የተቀበለውን ሰውነት ያጐድላል፤ በሕይወቱም ሳለ ከሰው ተራ ይወጣል።

በ98 መሰለብን መረጠ። ቍስሉ ብርድና ነፋስ እንዳይነካው የተሰለበው ሰው የሚቀመጠው ሞቅ ባለና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሐር ትል የሚረባበትን ቤት ስለሚመስልም የሐር ትል ቤት ይሉታል። እኛ ጃንደረባ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን በሐዋርያት ሥራ የምናነበው የህንደኬ ንግሥት ባለ ሟል፥ በሠረገላው ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነበው የተከበረ ሰው ነው። በቻይና ሊቃውንት ዘንድ ግን ከዚህ የሚብስ ውርደት አልነበረም።

ከወኅኒ ሲወጣ ንጉሡ የእልፍኝ ጸሐፊነት ሾመው፤ ደመወዙም ማዕርጉም ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። የሚሾመው ግን ለጃንደረቦች በተለየ ሥራ ላይ ስለሆነ፥ ሹመቱ ራሱ ቍስሉን በየቀኑ የሚነካ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለወዳጁ ለረን አን የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይገኛል። በዚያ ደብዳቤ፥ ኀፍረቱ ትዝ ባለው ቍጥር ላቡ ልብሱን እንደሚያርሰው፥ በቤቱ ተቀምጦ እንደ ጠፋ ሰው እንደሚሆን፥ ከደጅ ሲወጣም የሚሄድበትን እንደማያውቅ፥ በምን ፊት ወደ አባቱና ወደ እናቱ መቃብር እንደሚወጣ ግራ እንደገባው ይናገራል። ደግሞም ከእርሱ በፊት በእስር፥ በስደት፥ በአካል ጕድለት ሳሉ መጻሕፍት የጻፉትን ሰዎች አንድ በአንድ ይቈጥራል። ራሱን በእነርሱ ሲያጽናና ይታየናል። የመሞት ፍርሀት አለመሆኑን፥ መጽሐፉ ሳይፈጸም መሞቱን ብቻ መጥላቱን ያስረዳል።

መጽሐፉም ተፈጸመ። በቻይንኛ ሺ ጂ ይባላል፤ የታሪክ ጸሐፊው መዝገብ እንደ ማለት ነው። 130 ምዕራፍና 526,500 ፊደል እንዳለው ራሱ ቈጥሮ አስታውቋል። ወረቀት ገና የመጻፊያ ዕቃ ስላልሆነ፥ የጊዜው መጽሐፍ የሚጻፈው በተሰነጠቀና በክር በተያያዘ ቀርከሃ ወይም እንጨት ላይ ነበር፤ ስለዚህ ይህ መጽሐፍ በአንድ ሰው ክንድ የሚታቀፍ አልነበረም። ታሪኩን ከጥንታዊው ከቢጫው ንጉሥ አንሥቶ እስከ ራሱ ዘመን ያደርሰዋል። ዐሥራ ሁለቱ ምዕራፎች ስለ ነገሥታት ናቸው፤ ሰባው የመጨረሻ ክፍል ግን በአብዛኛው የሰዎች ሕይወት ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ነጋዴዎች፥ ነፍሰ ገዳዮች፥ የቤተ መንግሥት ቀልደኞች፥ ጠንቋዮች ሳይቀሩ ይገኛሉ።

ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለን ሰዎቹን ያስቀመጠበት ስፍራ ነው። ተሸንፎ የሞተውን ሺያንግ ዩን ከነገሥታቱ ጋራ አስገባው። በ209 መጀመሪያ ያመፀውን ቅጥረኛ ገበሬ ቸን ሼን፥ መሬት ያልነበረውን ኮንፊሺየስንም ከታላላቅ መሳፍንት ቤቶች ጋራ ቈጠራቸው። ስለ ገንዘብና ስለ ንግድ በጻፈው ምዕራፍ ደግሞ የራሱ ንጉሥ ጦርነት ግምጃ ቤቱን እንዴት እንዳራቈተው ገልጾ ተናገረ። አንድ ጊዜ እውነት ስለ ተናገረ ይህ ሁሉ የደረሰበት ሰው ሁለተኛ መናገሩ የሚያስገርም ነው። ስለ ሊ ሊንግም ጻፈ፤ ነገር ግን በጥቂት መስመር ብቻ፥ ምንም ቂም ሳያሳይ አለፈው። ንጉሡ የሊ ሊንግን እናት፥ ሚስትና ልጆች በሐሰት ወሬ አስገድሎ ነበር።

ሲማ ችየን መቼ እንደ ሞተ የጻፈ ሰው የለም። ከመጽሐፉ አንዱን ግልባጭ በታወቀ ተራራ እንዲሰወር፥ ሌላውን በዋናው ከተማ እንዲቀመጥ አስቦ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ዉ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የሴት ልጁ ልጅ፥ ያንግ ዩን የሚባለው፥ አውጥቶ ለሰው አሳየው።

በሀያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንዳንድ ሊቃውንት መጽሐፉ ስለ ጥንታውያን ነገሥታት የሚናገረው ተረት ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ነገር ግን በ1899 ዓመተ ምሕረት መድኀኒት ነው እየተባለ ተፈጭቶ ሲጠጣ በነበረ የእንስሳ አጥንትና የኤሊ ቅርፊት ላይ ጥንታዊ ጽሑፍ እንዳለ ታወቀ። በ1917 ሊቁ ዋንግ ጐዌይ ጽሑፉን ከሲማ ችየን መጽሐፍ ጋራ ሲያስተያይ የሻንግ ነገሥታት ስም ዝርዝር ከጥቂት በቀር ተስማማ። እነዚያ ነገሥታት ያለቁት ከሲማ ችየን ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ቀድመው ነው።

መቃብሩ ዛሬ ሃንቸንግ በምትባለው ከተማ አጠገብ፥ ቢጫውን ወንዝ በሚያሳይ ኮረብታ ላይ ነው። በዚያው አካባቢ ባለች መንደር ቶንግና ፈንግ የሚባሉ ሁለት ወገኖች ይኖራሉ። እንደ መንደሩ ባህል አባባል፥ የሲማ ችየን ዘሮች ከመከራው በኋላ ስማቸውን ለመሰወር ሲ በሚለው ፊደል ላይ አንድ ጭረት ጨምረው ቶንግ፥ ማ በሚለው ላይ ሁለት ነጥብ ጨምረው ፈንግ አደረጉት። ስማቸው ሁለት ቢሆንም አንድ ዘር ነን ስለሚሉ እርስ በርሳቸው አይጋቡም፤ በየዓመቱም በፀደይ፥ የመቃብር መጐብኛ በዓል ሲደርስ፥ ወደዚያ ኮረብታ ይወጣሉ።