መተማ አባቱን የወሰደችበት ሰው

እኔ የመተማ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዓለም ሃይማኖቶችን ስማር፣ ስለ ሃይማኖትና ጦርነት ጽሑፍ አቅርቡ ተባልን። የመረጥሁት የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን ሕይወት ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ አሉት። በ1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ። የገብረሕይወት አባትም እዚያው ሞቱ፤ ልጁ ገና ሕፃን ነበር። ከፍ ሲል ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ በርሊን ሕክምና ተማረ።

ቂም ቢይዝ ማን ይፈርድበት ነበር? እርሱ ግን በ1904 ዓ.ም. አስመራ ባሳተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» መንግሥት የሃይማኖት ነፃነትን እንዲያውጅ ጠየቀ። የአባቱ ገዳዮች ሙስሊሞች ነበሩ፤ የጠየቀው ነፃነት ግን ሙስሊሙንም የሚያቅፍ ነበር። በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ አረፈ።

ጽሑፉ ከታተመ ከስድሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1966 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሙስሊም የጠየቀው ያንኑ ነበር።

እኛስ የሌላውን ሃይማኖት የምናጠናው ልንረታው ነው ወይስ ጎረቤታችንን ልናውቅ? እኔ መልሴን ያገኘሁት ከዚህ ክርስቲያን ወገኔ ነው።