የጨርቅ ነጋዴው ሌቨንሁክ
በመርካቶ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ድሩንና ማጉን በጣቱ ዳሶ ይመረምራል። በ1632 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በሆላንድ፣ በዴልፍት ከተማ የተወለደው ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ግን አጉሊ መነጽር ራሱ ይሠራ ጀመር። መነጽሩ እየደቀቀ ሲሄድ ይበልጥ ያጎላል፤ የሚታየው ነገር ግን እጅግ መቅረብ አለበት። 270 ጊዜ የሚያጎላው መነጽሩ ከሚያሳየው ነገር የሚርቀው 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ነገሩን በመርፌ ጫፍ ላይ አድርጎ በብሎን ጥቂት በጥቂት ያስጠጋው ነበር። በ1676 በውሃ ውስጥ የሚርመሰመሱ ደቂቅ ነፍሳት ማየቱን ለሎንዶን የሳይንስ ማኅበር ጻፈ። ላቲን ያልተማረ ባለሱቅ ነውና ተጠራጠሩት፤ እርሱም ቄሶች ሳይቀሩ አይተው እንዲመሰክሩ አደረገ። በ1680 ማኅበሩ አባል አድርጎ መረጠው። የምርጥ መነጽሮቹን አሠራር ግን፣ ንፍገት ነው እንላለን፣ ለማንም ሳይገልጥ በ1723 በ90 ዓመቱ ሞተ።