ከወላይታ እስከ ገነተ ልዑል፦ ገርማሜ ንዋይና የእኛ ማስተርስ

እዚህ ኮሎምበስ ኦሃዮ ቅዳሜ ማታ ቡና ላይ ስንቀመጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ አገር ቤት መግባት ላይ ይወድቃል። እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፤ ማስተርሴንም የሠራሁት ውጭ አገር ነው። ሰሞኑን አንድ ጓደኛችን ከአንድ የክልል መሥሪያ ቤት ና ተብሎ ግራ ገብቶት ሲያማክረን፣ ትዝ ያለኝ ገርማሜ ንዋይ ነው።

አብዛኞቻችን ገርማሜን የምናውቀው በታኅሣሡ ግርግር ብቻ ነው። እኔን የሚነካኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ሰውዬ ነው። አሜሪካ መጥቶ ዊስኮንሲን ተማረ፣ ከዚያ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ያዘ። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ኬንያ ነጭ ሰፋሪዎች ነበር። የመሬት ነገር ገና በተማሪነቱ ገብቶታል ማለት ነው።

አገሩ ገብቶ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሲሆን መንገድና ድልድይ አሠራ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ። ጦም ባደረ መሬት ላይም መሬት የሌላቸውን ገበሬዎች አሰፈረ። ያስጠመደው ይሄኛው ነው። ባለርስቶቹ ጃንሆይ ዘንድ ከሰሱት፤ ተነሥቶም ጂጂጋ ተላከ። እዚህ ብዙ ሶማሌ ጎረቤቶች ስላሉን ጂጂጋ ለእኛ ሩቅ ስም አይደለችም። እዚያም ለውሃ፣ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ደፋ ቀና አለ።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ከወንድሙ ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ጀመሩ። ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ግን ለንጉሡ አደሩ። ነገሩ ሲበላሽ ገነተ ልዑል ታግተው በነበሩት ባለሥልጣናት ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ አርበኛውን ራስ አበበ አረጋይን ጨምሮ 15 ሰዎች አለቁ። ያ ግቢ ዛሬ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ነው። ገርማሜ ታኅሣሥ 15 ተከቦ ሞተ፤ ሬሳው አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ወንድሙም መጋቢት ላይ በስቅላት ተቀጣ።

ስሙ ሲነሣ ግማሻችን ጀግና፣ ግማሻችን ነፍሰ ገዳይ እንላለን። እኔ ወላይታ ላይ የሠራውን አደንቃለሁ። ባዶ እጃቸውን በነበሩ ሰዎች ላይ የተተኮሰውን ጥይት ግን የትኛውም የመሬት ጥያቄ አያነጻውም። ከሳሾቹም ቢሆኑ አላተረፉም፤ በየካቲት 1967 አዋጅ ወጥቶ የገጠሩ መሬት በሙሉ ከእጃቸው ወጣ። ጥቂት ጋሻ ለገበሬ ሲሰጥ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ለጓደኛዬ ሂድ ብዬዋለሁ። ወንበሩ ትንሽ ነው ብለህ አትናቅ፣ አንድ አውራጃ ብዙ ሥራ አለው። ከመፈረምህ በፊት ግን በጀቱ በማን እጅ እንዳለ፣ የተነካበት ሰው ሲከስህ ማን እንደሚቆምልህ ጠይቅ አልኩት። ገርማሜ ዲግሪ ነበረው፣ ጉልበትም ነበረው፤ ያን ጊዜ የሚቆምለት ግን አጣ። እኛም እዚህ ቡና እየጠጣን ሂድ የምንል ሰዎች፣ ነገ ሲከሰስ ስልኩን እናነሣ ይሆን?