ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ከመቅደላ እስከ ጨርጨር

ዛሬ ጭሮ የምንላት፣ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ከተማ፣ በአንድ ወቅት የምትተዳደረው በሐኪም ነበር። እኚህም በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆናቸው የሚነገርላቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ልብና ስለ ደም ሥር ሕክምና እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ለእንደኔ ያለ መሐንዲስ ነገሩን በእኚህ ሰው ሕይወት በኩል መመልከት የተሻለ መስሎ ታየኝ።

ወርቅነህ የተወለዱት በጎንደር ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃን ነበሩ። አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ወደ ህንድ ይዟቸው ሄደ፤ እርሱም ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርታቸውን ወጪ ስለ ቻለ፣ በውጭ አገር ቻርልስ ማርቲን ተብለው ታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመርቀው፣ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አጠናክረው በበርማ አገለገሉ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ የእናት ቋንቋቸው ጠፍቶባቸው ስለ ነበር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ዘመዶቻቸው ግን በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለይተው አወቋቸው።

ወርቅነህ ሲመረቁ ሐኪም የልብን ድምፅ ማዳመጫ እንጂ ለዕለት ሥራ የሚውል የደም ግፊት መለኪያ አልነበረውም። በክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1896 በኢጣሊያ ተሠራ፤ በማዳመጫ እየሰሙ ግፊትን የመለካቱን ዘዴ ደግሞ ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ በ1905 ገለጠ። ግፊትን የሚያወርድ አስተማማኝ መድኃኒት የተገኘው ግን ከዚያም ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ በ1902 ዓ.ም. አጤ ምኒልክን ከባድ ስትሮክ ሲመታቸው የዘመኑ ሕክምና ከማስታገሥ በቀር ብዙ አልረዳቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ፣ ከአልጋ ሲውሉ የመንግሥቱም ሥራ አብሮ ታመመ።

ሐኪም ወርቅነህ በሕክምና ብቻ አልተወሰኑም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ደግሞ የጨርጨር አስተዳዳሪ ሆኑ። አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ጨርጨርም ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንድትሆን ታስባ ነበር። ሐኪሙ ይህንኑ ሐሳብ ገፉበት፤ አስተዳደሩን በሥርዓት አደራጁ፣ መንገድ አሠሩ። የደጋው ቡና ወደ ባቡሩ መውረድ የሚችለው መንገድ ሲኖር ነውና፣ የመንገድን ዋጋ ለዚያ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የጠላትን ወረራ ለዓለም ሲያሰሙ፣ በቤታቸው ከባድ ኀዘን ገባ። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ገደሏቸው። አገራችን በዚያ እልቂት ካጣቻቸው ጥቂት መሐንዲሶች መካከል ስለ ነበሩ፣ የሙያ ልጆቻቸው የሆንን ስማቸውን ልንዘነጋ አይገባም። አባት ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1952 ዐረፉ።

ዛሬ በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሂርናና በጭሮ የልብ ሕክምና ተመራማሪ ፊት ለፊት የሚያገኘው ጥያቄ ጫት ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብን ምት ያፋጥናል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ በየመን የተደረገ ጥናትም መቃምን ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዞታል። ቅጠሉ ግን የብዙ ገበሬ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ስለዚህ ሕመሙን ያለ ኑሮው፣ ኑሮውንም ያለ ሕመሙ ማጥናት አይቻልም። አጤ ምኒልክ ያላገኙት ግፊት መለኪያና መድኃኒት ዛሬ በእጃችን አሉ፤ የቀረው ገበሬው ካለበት ማድረስ ነው። ሐኪም ወርቅነህ ከማዳመጫው ወደ መንገድ ሥራ የተሻገሩበትን ምክንያት የምረዳው ከዚህ ነው።